ቀጄላ መሪ እንዳይዝ

ነገሌ ቦረና
መስከረም 11 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፋርሂያ፣

አካም ጅርታ? ልጆችሽ፣ ሱቅሽ፣ ጎረቤትሽ፣ ያ ብርድ ሲነካው የሚያምሽ ጉልበትሽ ሳይቀር ናጋ፣ ሰላም ነው ወይ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። ሀይማኖት ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ቁመቷ ትከሻዬን አልፏል። ድርቁን ሰምተሽ ይሆናል። ከብቱ አልቆ፣ ገጠሬው ከተማ ገብቶ፣ የወተት ዋጋ አይጠየቅም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። ቤታችንን ታውቂያታለሽ፣ አንድ ክፍልና አንድ መጋረጃ ናት። ላንቺ በደወልኩ ቁጥር ወንድምሽ ቀጄላ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ጆሮውን ይሰጠኛል። ይሄ ደግሞ እሱ እየሰማ የሚወራ አይደለም። ስለዚህ የሞያሌው አውቶቡስ ሹፌር ኩራ እስከ ድንበር ይዞልኝ፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት ነጋዴዎች ናይሮቢ ያደርሱልኛል።

ነገሩ ስለ ቀጄላ ሕመም ነው። አምና ፊልቱ መንገድ ላይ የሚነዳው የመሥሪያ ቤቱ መኪና ከተገለበጠበት ወዲህ ያገኘው ነገር አልለቀቀውም። አንቺ ናይሮቢ ወስደሽ የጭንቅላት ፎቶ አስነስተሽው፣ ሐኪሙ ክኒን አዞለት መጣ። ክኒኑን ሦስት ወር ውጦ "ያደነዝዘኛል" ብሎ ተወው። አሁን በወር አንዴም ሁለቴም ይመጣበታል። ለሰው ምች ነው እንላለን። እሱ ደግሞ ካለፈለት በኋላ ምንም ስለማያስታውስ "ትንሽ አዞረኝ እኮ ነው፣ አታጋንኚ" ይለኛል።

የሕመም ፈቃዱ ሲያልቅ መሥሪያ ቤቱ ምን አለ፣ ወይ ሥራው ላይ ይመለስ፣ ወይ የሐኪሞች ቦርድ አይችልም ብሎ ይጻፍለትና በጤና ጉድለት ጡረታ ይውጣ። እኔ በልቤ እልል አልኩ። ይሄን ሁሉ ዘመን መንግሥትን አገልግሏል፤ የጡረታዋ ነገር ከኔ ስፌት ጋር ሆና ታኖረናለች። ብቻ ከመሪ ላይ ይውረድልኝ። ያንን አይሱዙ እህል ጭኖ፣ በእህሉ ላይ ሰው ጭኖ ሲነዳ ያ ነገር ቢመጣበትስ?

ታዲያ ቦርድ ቅረብ ሲባል ምን አደረግኩ መሰለሽ። ትልልቅ ሐኪሞች ፊት የተጎሳቆለ ሰው ይዤ አልቀርብም ብዬ ሱፉን አስተኮስኩ፣ ፀጉሩን አስቆረጥኩ፣ ሳምንት ሙሉ በዚህ በሌለ ቅቤ መገብኩት። ሽማግሌ ልኮ ሚስት የሚጠይቅ ነበር የሚመስለው።

ገባን። ከሐኪሞቹ አንዱ የኛው ሰው ነው፤ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ በወጉ "አካም ጅርቱ?" ብሎ ሰላምታ ሰጠው።

ቀጄላ "ናጋ" አለ።

"ጤናስ?"

"ፈያ።"

"እንቅልፍስ? ራስህን የሚልህስ ነገር?"

"ጋለተ ዋቃ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ናጋ።"

ወደኔ ዞሮ "ቤትስ ደህና ነው?" ሲለኝ፣ አፌ ለምዶበት እኔም "ናጋ" አልኩ። መቼም በኛ ወግ ሰላምታ ላይ ክፉ አይወራም። ቤት ውስጥ ሬሳ ቢኖር እንኳ መጀመሪያ ናጋ ተብሎ፣ ተቀምጦ፣ አፍ ረጥቦ ነው የሚነገረው። እኔም አሁን ተቀመጡ ብሎ ዋናውን ይጠይቀናል ብዬ ጠበቅኩ። ዋናው ለካ እሱ ነበር። ጽፈው ጨርሰዋል። "ሕመም የለኝም ይላል፤ ባለቤቱም አረጋግጣለች፤ ሥራውን መሥራት ይችላል።" ኮሪደር ላይ ነው ያነበቡልኝ።

ወደ ነገሌ ስንመለስ፣ መንገድ ላይ፣ ቦሬ ከተማ ጥብስ ጋበዘኝ። እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ያኔ ነው የገባኝ፣ ፋርሂያ። እኔ ወጉ አሳሳተኝ፤ እሱ ግን ወጉን ጋሻ አድርጎት ነበር።

አሁን የምለምንሽ ያን የናይሮቢውን ወረቀትና ፎቶ ነው። ቀጄላ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ ብሎ ትቶት መጥቷል አይደል። አዲስ ማስረጃ ከቀረበ ቦርዱ እንደገና ያየዋል ብለውኛል። ለድርቁ እህል የሚያመላልስ ሹፌር ስለጠፋ መሥሪያ ቤቱ ቸኩሏል። በኩራ በኩል ላኪልኝ። ለቀጄላ እንዳትነግሪው።

አላህ ቤትሽን ይሙላው፣
ጠጂቱ

———

ናይሮቢ
ጥቅምት 20 ቀን 2004

ለወንድሜ ሚስት ለጠጂቱ፣

ሰላም ላንቺና ለቤትሽ። ደብዳቤሽ ድንበር ላይ ቆይቶ ነው የደረሰኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም እንደ ባለቤቱ ግትር ሆኖ አለ። የትልቋ ልጄ ሠርግ በሚቀጥለው ወር ነው ተብሏል፤ ሰው ሲበዛ ወጪ እንጂ ደስታ አይበዛም።

ለስፌትሽ የሚሆን ጨርቅ ልኬልሻለሁ፤ አበባ ያለበት ለሀይማኖት ነው። አብረው ያሉትን የልብስ ቁልፎች ቁጠሪያቸው፣ እነዚህ መንገደኞች እጃቸው አያርፍም።

ያልሽኝን ወረቀት እፈልጋለሁ። ቤት ስቀይር ዕቃዬ ሁሉ ተደበላልቋል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቀጄላን ራሱን ጠይቀሽዋል? ምን ይላል? ልጅ ሆኖ የቆርቆሮ ክዳን በሁለት እጁ ይዞ፣ በአፉ ሞተር እያስጮኸ ነበር አክስቱ ዘንድ፣ እናቴ ቤት የሚመጣው። በር ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ዞሮ ያቆም ነበር፤ እናቴ "መኪናህን አስገባና ብላ" ትለው ነበር። ይሄን የምጽፍልሽ እንድታስቢበት ነው።

ወሰላም፣
ፋርሂያ

———

ነገሌ
ኅዳር 14 ቀን 2004

እህቴ ፋርሂያ፣

እንደምን ከረምሽ? ለሙሽሪት ደስታውን ያብዛላት፤ ቀሚሷን እኔ ብሰፋላት ምንኛ ደስ ባለኝ። እዚህ ሀገያው፣ የጥቅምቱ ዝናብ፣ ዘንቧል። የተረፈው ከብት ደግሞ በብርዱ ወደቀ። ምን ይባላል።

ጨርቁ ደርሶኛል፣ ቁልፉም አልጎደለም። ሀይማኖት አበባውን አቅፋው ተኛች። ግን እህቴ፣ የለመንኩሽ ጨርቅ አልነበረም።

ቀጄላ መንዳት ከጀመረ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ጠዋት ተነስቶ ሸሚዙን ይለብሳል፣ ቁልፉን በጣቱ እያዞረ ይወጣል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቁመናው ተመልሷል። እኔ ግን እስኪመለስ ድረስ በመርፌ ጣቴን ነው የምወጋው እንጂ ጨርቁን አይደለም። መኪና ሲያልፍ ድምፁን እለያለሁ። የሱ ሲሆን እቀመጣለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ጫማውን እያሰረ ቤት ውስጥ መጣበት። ጎረቤታችን ዲንኪቱ ጩኸቱን ሰምታ ሮጣ ገባች። ሲያልፍለት ፊቱን ታጠበና "ዛሬ ዋጪሌ ነው የምሄደው" ብሎ ሊወጣ ተነሳ። በሩ ላይ ቆምኩ።

"ዛሬስ አትሄድም" አልኩት።

"ለምን?"

"አሁን ወድቀህ ነበር እኮ።"

"ቁርስ ሳልበላ ጎንበስ ብዬ ነው። በሩን ልቀቂ፣ ሰው ይጠብቀኛል።"

ዲንኪቱን አየኋት፤ ዲንኪቱ ጣራውን አየች። በባልና ሚስት መሀል አልገባም ማለቷ ነው። ለቀቅኩለት።

ሀምዛ የሚባል የመሥሪያ ቤቱ መካኒክ አብሮት ሄዶ ነበር። በኋላ ስፌት ሊያሠራ መጥቶ "እትዬ ጠጂቱ፣ ቀጄላ ምን ሆኗል?" አለኝ። መንገድ ላይ ዛፍ ሥር ድንገት አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ዝም ብሎ መስተዋቱን ሲያይ ቆየ አለ። "ወዴት ነበር የምንሄደው?" ብሎ ጠየቀኝ አለ። ሀምዛ የሚቀልድ መስሎት ስቋል። እኔም ሳቅኩለት። ምን ላድርግ።

ዋናው ወረቀት ከጠፋ ኮፒውን ላኪልኝ። ኮፒው ከሌለ ሆስፒታሉ ሄደሽ አዲስ አስወጪልኝ። ወይ እንቢ በይኝና ልወቀው። ቀጄላ ምን ይላል ላልሽው፣ የሚለውን አሁን ጻፍኩልሽ።

ክፉ አይንካሽ፣
ጠጂቱ

———

ናይሮቢ
ጥር 6 ቀን 2004

ለጠጂቱ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። የዘገየሁት የሠርጉ ጣጣ ነው ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ሠርጉ ግን ካለፈ ቆይቷል።

ወረቀቱ አልጠፋም። ሳጥኔ ውስጥ፣ ከእናቴ ሻሽ ጋር አለ። ያንቺ የመጀመሪያ ደብዳቤ ከመድረሱ በፊት ቀጄላ ደውሎልኝ ነበር፤ ከመሥሪያ ቤቱ ግቢ ሆኖ። "ፋርሂያ፣ ጠጂቱ ወረቀቱን ትጠይቅሻለች፤ እንዳትሰጫት" አለኝ። ለምን ስለው፣ "እዚህ ሰው እንደዚያ ያለውን ሰው እንዴት እንደሚያየው ታውቂያለሽ። ከአንድ ዕቃ አያበሉትም። ልጄን ማን ያገባታል?" አለኝ። ከዚያ በናቶቻችን አስማለኝ። እናቶቻችን አንድ ጡት የጠቡ ናቸው። ማልኩለት።

አትፍረጂብኝ ማለቴ አይደለም፤ ፍረጂ። ግን አስቢው፣ አንቺ ከመሪው ላይ ስታወርጂው ነገ ጠዋት ተነስቶ የት ይሄዳል? ገበያ መሀል ተቀምጦ የሰው መኪና ይቆጥራል? እኔ ብዙ ወንድ አይቻለሁ፤ ሥራው ሲሄድ ሰውየውም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ያሰብኩት ይሄ ነው። ያንኑ ክኒን ገዝቼ በሻሽ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። ጠዋትና ማታ ፈጭተሽ በወተቱ ውስጥ አድርጊለት። ሳያውቅ ይድናል፤ እኔም መሐላዬን አላፈርስ፣ አንቺም ትዳርሽን።

ፋርሂያ

———

ነገሌ
ጥር 19 ቀን 2004

ፋርሂያ፣

ዛሬ ናጋ ነው ወይ ብዬ አልጀምርም።

ክኒኑን ሁለት ቀን በወተቱ ውስጥ አደረግኩለት። አዎ፣ አደረግኩ። በሁለተኛው ቀን "ወተቱ ምን ሆኗል፣ ይመራል" ብሎ ለሀይማኖት አቀበላት። ጽዋውን ከልጄ አፍ ላይ ነጥቄ ደፋሁት። ያን ለታ ክኒንሽን ጉድጓድ ጨመርኩት። ባሌን እንደ አይጥ በምግብ አላጠምድም።

አሁን የሆነውን ስሚ። ሐሙስ ዕለት እህል ጭኖ ወጣ። በእህሉ ላይ ሴቶች ተሳፍረው ነበር፤ እህላቸውን ተቀብለው ወደየመንደራቸው የሚመለሱ። ሜዳው ላይ ሲደርስ መኪናው ከመንገድ ወጣ፣ ቁጥቋጦውን እየጣሰ ሄደ ሄደና ትልቅ ኩይሳ ላይ ወጥቶ ቆመ። ያ ኩይሳ ባይኖር ከኋላው ገደል ነው አሉ። ምስጥ ነው እንግዲህ የሠራልን፣ ሰው አይደለም።

ጃለኔ የምትባል ሴት ከእህሉ ላይ ወድቃ ክንዷ ተሰብሯል። ዘሯን ስጠይቅ ያንቺ እናት ጎሳ ናት። ነፍሰ ጡር ናት። እስካሁን ሆዷን ይዛ ሆስፒታል ተኝታለች።

ቀጄላ "ግመል ገባብኝ" አለ። ሁሉም አመኑት። እዚያ አካባቢ ግመል አይጠፋም፤ እሱም ሃያ ዓመት ሰው ያልነካ ሹፌር ነው። ሱሪው ግን በጀሪካን ውሃ ታጥቦ፣ እርጥቡን ለብሶት ነው የመጣው። እራት ሳቀርብለት ማኘክ አቃተው። አፉን ክፈት ብዬ አየሁት፤ ምላሱ ተነክሷል። ግመል ምላስ አያስነክስም።

በማግሥቱ መሥሪያ ቤቱ ሄጄ ለኃላፊው ነገርኩት። ባሌ ይወድቃል፣ አታስነዱት አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፤ "ሴትዮ፣ ከባልሽ ጋር ተጣልተሽ ከሆነ ሽማግሌ ጥሪ። ቦርዱ ጤነኛ ነው ብሏል፣ አንቺም እዚያው አረጋግጠሻል። ማስረጃ ካለሽ አምጪ።" ማስረጃው ሳጥንሽ ውስጥ ከናትሽ ሻሽ ጋር ነው ያለው።

ሥራው ሲሄድ ሰውየው ይሄዳል ብለሽ ጽፈሽልኛል። ልክ ይሆናል። አላውቅም፤ እኔም የምፈራው እሱን ነው። ግን ለወንድምሽ በናትሽ ማልሽ። ለጃለኔስ በማን ማልሽላት?

ጠጂቱ

———

ናይሮቢ
የካቲት 1 ቀን 2004

ለጠጂቱ፣

ወረቀቱና ፎቶው ከዚህ ጋር አለ። ፎቶውን እንዳታጥፊው።

ከቀጄላ ተደብቄ ግን አልልክም አልኩ። ዛሬ ጠዋት ደውዬ ነገርኩት። "ቀጄላ፣ መሐላዬን አፍርሻለሁ፣ ለጠጂቱ ልኬላታለሁ" አልኩት። ስልኩን አልዘጋውም፤ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ካርዱ አልቆ ተቋረጠ።

ወደ ቤት ሲገባ አጠገብሽ ሰው ይኑር። ወንድሜ እጁን አንስቶ አያውቅም፣ ግን አላውቅም።

ለጃለኔ ስኳርና ልብስ አለ፤ ከኔ መሆኑን አትንገሪያት።

ፋርሂያ

———

ነገሌ
ግንቦት 8 ቀን 2004

ለእህቴ ለፋርሂያ፣

ሦስት ወር ሙሉ ሳልጽፍልሽ መቅረቴ ቂም አይደለም። የምጽፈው ይጠፋኛል እንጂ። እንደምን አለሽ? ልጆቹስ? ጃለኔ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ክንዷም ገጥሟል። ስኳሩን ዝናብ ያመጣው ይመስል ማን ላከው ብላ አልጠየቀችም።

ያን ቀን ስትደውይለት ከግቢ ወጥቶ ነበር ያናገረሽ። ተመልሶ ገባና ወንበር ላይ ተቀመጠ። እጁን አላነሳም። "ፋርሂያ ወረቀት ልካልሻለች" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ያቀረብኩለትን ይበላል፣ ለሀይማኖት የቤት ሥራዋን ያያል፣ እኔን ግን እንደ መጋረጃው ያልፈኛል። ብትሰድበኝ ይሻለኛል አልኩት። አልሰደበኝም።

ወረቀቱን መሥሪያ ቤት ባስገባሁ በሳምንቱ ቁልፉን ተቀብለውት ቦርድ ይቅረብ አሉ። የቀጠሮው ዋዜማ ሱፉን አውጥቶ ራሱ ተኮሰ። በዚህኛው እንኳ ተው ልለው ፈልጌ ነበር፤ ምን አፍ አለኝና።

አሁን የቦርዱን በደንብ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ እስካሁን ደጋግሜ ነው የማስበው።

ከድሮዎቹ ጋር ዶክተር ዮሴፍ የሚባል አንድ አዲስ የነርቭ ሐኪም ተቀምጧል፤ ረጅም፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል። ፎቶውን መብራት ላይ አድርጎ ቆይቶ አየው። እኔማ አሁን አለቀ ብያለሁ። እሱ ግን ምን አለ፤ "ይሄ ጭንቅላቱ ውስጥ ጠባሳ እንዳለ ይናገራል። ሰውየው እንደሚወድቅ ግን አይናገርም። ጠባሳ ይዞ ጤነኛ የሆነ ሞልቷል። ሲወድቅ ያየ አለ?"

ቀጄላ ፈጠን ብሎ "የለም" አለ። "ትንሽ ያዞረኝ ነበር፣ ተወኝ።"

እኔን አላዩኝም። የባለፈው ቃሌ ፋይሉ ላይ አለ፣ ማን ይጠይቀኛል። ልናገር እልና፣ ሦስት ሰው ፊት ባሌን ዋሽተሃል ልለው ነው እልና፣ ምላሴ ይታሰራል። ከአባቴ ቤት ጀምሮ ባል በሰው ፊት አይታረምም ተብዬ ነው ያደግኩት።

ዶክተሩ ተነስቶ መጣና የቀጄላን ፊት በእጁ ወደ መስኮቱ አዞረው። ከአፍንጫው ሥር፣ ከከንፈሩ በላይ ያሉትን ትንንሽ ነጠብጣቦች ነካ ነካ አደረገ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ሲጋራ ነው" አለ ቀጄላ።

"ታጨሳለህ?"

"አዎ።"

"የትኛውን?"

ቀጄላ ዕድሜ ልኩን ሲጋራ በእጁ ይዞ አያውቅም። ጉሮሮውን ጠራረገና "ያገኘሁትን" አለ። ሌሎቹ ሐኪሞች ሳቃቸውን ዋጡ።

ዶክተሩ ግን አልሳቀም። ወደኔ ዞሮ ተቆጣኝ። "አንቺ ነሽ አይደል? ክብሪት ለኩሰሽ አፍንጫው ሥር የምትይዢው? ጭሱ ያነቃዋል ብለሽ? ሰውየውን እኮ እየጠበስሽው ነው!"

አንቺዬ፣ የሠራሁት ኃጢአት ሁሉ ይጻፍብኝ፤ ያልሠራሁትን ግን አልችልም። ቱግ አልኩ። "እኔ አይደለሁም!" አልኩት። "ዲንኪቱ ናት የምትለኩሰው። ስንቴ ተይ ብያታለሁ መሰለህ፣ ጆሮ የላትም። እኔ ክብሪት የምይዝበት እጅ የት አለኝ? እኔ ጭንቅላቱን ነው የምይዘው!"

አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። አልፏል።

ዶክተሩ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና ቀስ ብሎ፣ "መቼ ነው የምትይዢው?" አለኝ።

"ሲወድቅ" አልኩ።

ከዚያ ወዲያ እንደ ጎርፍ ነው የወጣው። በወር ስንቴ እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚጀምረው፣ የኩይሳውን፣ የምላሱን፣ የታጠበውን ሱሪ። የሚጥል በሽታ ብዬ በስሙ ጠራሁት፤ እስከዛሬ ላንቺ እንኳ ጽፌው የማላውቀውን። ቀጄላ አላቋረጠኝም። በመስኮቱ ግቢው ውስጥ የቆሙትን አምቡላንሶች ሲያይ ነበር።

አይነዳም አሉ። በጤና ጉድለት ጡረታ እንዲወጣ ጻፉለት፣ ክኒኑንም እንደገና አዘዙ። መንጃ ፈቃዱን ራሱ ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ማንም አምጣ አላለውም ነበር።

ስንመለስ፣ ታውቂዋለሽ፣ አውቶቡስ ሲሳፈር ሁልጊዜ ከሹፌሩ አጠገብ ነው፤ ስለ ማርሽ፣ ስለ ጎማ እያወሩ ይሄዳሉ። ያን ቀን መጨረሻው ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠ። እኔ መሀል ላይ ብቻዬን። ቦሬ ላይ ጉም ወርዶ ሁሉም ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ እሱ አልወረደም፤ እኔም ወርጄ ምን አደርጋለሁ ብዬ አልወረድኩም። ሁለታችን ባዶ አውቶቡስ ውስጥ፣ እኔ የሱን ሳል እየሰማሁ።

ቤት ከገባን በኋላ ያንቺ ቃል ነው የደረሰው፤ ጠዋት ተነስቶ ሸሚዙን ለብሶ በር ላይ ይቆማል። የሚሄድበት የለም። ይመለስና ይቀመጣል። ክኒኑን ግን ይውጣል፤ እያየሁት፣ በውሃ። አንድ ቀን ሀምዛ መጥቶ የአዲሱ ሹፌር ማርሽ አቀያየር ጥርስ ያፋጫል ብሎ ሲያማለት ትንሽ ፈገግ አለ። ከኔ ጋር ግን ዝም። ትዳሬን በገዛ እጄ ቀበርኩት ብዬ ያለቀስኩትን እኔና ስፌት መኪናዬ ነን የምናውቀው።

ባለፈው እሑድ ወደቀ። ክኒኑን ከጀመረ የመጀመሪያው ነው፤ አጭር ነበር። ሀይማኖትም ነበረች። አለፈለት፣ ተኛ፣ ነቃ። ወደ ማታ ሀይማኖት ውጭ ስትጫወት፣ እኔ የሰው ቀሚስ ጠርዝ እየሰፋሁ፣ ከአልጋው ላይ፣

"ጠጂቱ" አለኝ።

ከየካቲት ወዲህ ስሜን ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው። መኪናውን አቆምኩ።

"ስወድቅ ምን እመስላለሁ?"

ሊጣላኝ መስሎኝ አየሁት። አይደለም። ዓይኑ ጣራው ላይ ነው።

"ለዶክተሩ ነግሬው ነበር እኮ፣ ሰምተሃል" አልኩት።

"አልሰማሁም። መኪኖቹን ነበር የማየው። አሁን ንገሪኝ።"

ነገርኩት። መጀመሪያ ዓይኑ ወደ ግራ እንደሚሄድ፣ ከዚያ እንደሚጮህ። "ምን ዓይነት ጩኸት?" አለ። እንደሚታረድ ወይፈን አልኩት፤ ምን ብዬ ላሳምረው። እንደሚደርቅ፣ እንደሚንቀጠቀጥ፣ አፉ አረፋ እንደሚደፍቅ፣ ሱሪው እንደሚረጥብ። አንዱን እንኳ አላስቀረሁም። እሱ አንዱን እንኳ አላስተባበለም።

"ሀይማኖት ታያለች?"

"ታያለች።"

"ትሸሻለች?"

"የምን መሸሽ። እኔ ጭንቅላትህን ስይዝ እሷ እጅህን ትይዛለች። እስክትነቃ አትለቅህም። ልትነቃ ስትል ነው ብድግ ብላ የምትወጣው፣ እንዳታፍር ብላ።"

ደግሞ፣

"የትኛውን እጄን?" አለኝ።

"ግራህን።"

ግራ እጁን አንስቶ አየው። መዳፉን አየው፣ ገልብጦ ጀርባውን አየው። ከዚያ ደረቱ ላይ አስቀመጠው፤ እኔም ቀሚሱን መስፋት ቀጠልኩ። 

ይሄን ስጽፍልሽ ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጧል። ለፋርሂያ ነው አልኩት፣ አልደበቅኩትም። ሰላምታ ልጻፍላት ወይ ስለው፣ "ተይው፣ ራሴ እደውልላታለሁ" አለኝ። መቼ እንደሆነ አላለም። ስልክሽ ሲጮህ ሱቁ ቢሞላም አንሺው።

ያንቺው ጠጂቱ